ከጓንጉት እስከ «ዴርቶጋዳ»፦ የደቡብ ጎንደር ደጋና የእንግዳ መጻሕፍት ፍቅር

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ሰይጣንን ከፈጣሪው ጋር ልታስታርቅ ወደ ሲኦል ወረደች። የእሱ ጠላትነት ቢቀር የአዳም ልጅ ሁሉ ያርፋል ብላ ነው። ገድሏ እንደሚተርከው ፈቃድ ለምና ደጁ ድረስ ሄደች፤ ጠራችውም። እሱ ግን የዕርቁን ነገር ሊሰማ ቀርቶ ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ አስጣላት፤ ስትወጣም አእላፍ ነፍሳት አብረዋት ወጡ።

ሴቲቱ በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረች የቡልጋ ሰው ናት። ባል፣ ልጆችና ሀብት ነበራት። በንዴት አገልጋይዋን ገደለች፤ ሟቿ በጸሎት ከተነሣች በኋላ ግን እመቤትነቱን ትታ መነነች። በመጨረሻ ጣና ደረሰች። በባሕሩ ውስጥ 12 ዓመት ቆማ ስትጸልይ ዓሣዎች በሰውነቷ መካከል ያልፉ ነበር ይላል ገድሉ። ገዳሟ ጓንጉት ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ በዛሬው ደቡብ ጎንደር ዳርቻ ይገኛል። ሩሲያዊው ሚኻይል ቡልጋኮቭ ሰይጣንን ሞስኮ ከተማ ያመጣበት «ማስተርና ማርጋሪታ» እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 ታትሞ የዓለምን አንባቢ ሲያስደንቅ፣ የደራና የፎገራ ገበሬ ከሰይጣን ጋር ስለተሞከረው ዕርቅ በየዓመቱ ነሐሴ 24 ቀን ሲሰማ ብዙ ትውልድ አልፎ ነበር።

ገድሉን ከልብ ወለድ ጎን ሳቆመው እምነቱን ለማሳነስ አይደለም። ለምእመኑ ገድል በረከት ነው፤ በዚያው ይቆይ። እኔ የማነሣው የሰሚውን ጆሮ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ሰው፣ ዓለም ከሚታየው በላይ እንደሆነ፣ ደፋር ሰው የማይደፈር ደጅ ሊያንኳኳ እንደሚችል፣ ታሪክም ሳይፈታ ተቋጥሮ ሊቀር እንደሚችል ያውቃል። ዛሬ በደብረ ታቦርም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ወጣት ምሥጢር ያዘለ ምናባዊ ልብ ወለድ ይዞ ሲያመሽ፣ ልማዱን ከፈረንጅ ፊልም ያመጣው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ተሳስተዋል። ይህ ፍቅር በዚህ ደጋ የተኮተኮተ የቆየ ፍቅር ነው፤ ታሪኩንም እንደ ታሪክ ልናየው ይገባል።

የደጋው ሰው ሲሰማ የኖረው ገድል ብቻም አልነበረም። መጽሐፈ ሄኖክ አለ። ሙሉው ቅጂ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ከሰማይ የወረዱ ትጉሃን የሰውን ሴቶች ልጆች አግብተው ግዙፋንን ሲወልዱ፣ ሄኖክ በደመናና በነፋስ ተወስዶ የበረዶንና የመብረቅን መዛግብት ሲጎበኝ፣ የከዋክብትን እስር ቤት ሲያይ የምናነበው እዚያ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ከዚህ መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉመው አውሮጳ ለዘመናት ጠፋ ያለችውን መጽሐፍ አገኘች። ዜና እስክንድርም አለ፤ ታላቁ እስክንድር በግዕዙ ጾመኛና ጸሎተኛ ሆኖ እስከ ምድር ዳር ይጓዛል። በርለዓምና ይዋስፍ አለ፤ መነሻው የቡድሃ ሕይወት የሆነ ታሪክ በዐረብኛ በኩል ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1553 በእጨጌ ዕንባቆም እጅ ግዕዝ ሆነ። የዞሲማስ ታሪክም አለ። ዞሲማስ ማንም የማይሻገረውን ወንዝ ተሻግሮ ብሔረ ብፁዓንን አይቶ የተመለሰ መናኝ ነው።

ብሔረ ብፁዓን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ሥር ያለው እዚያ ይመስለኛልና። የማያርሱ፣ የማያጭዱ፣ የማይጨነቁ ሰዎች የሚኖሩበት፣ ቅርብ ሆኖ የማይደረስበት አገር ነው። ከዚህ ጋር የሚሄደው የስውራን ነገር ነው። በጣና ደሴቶች፣ በጋይንት ገደሎች፣ በጉና ጭጋግ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ቅዱሳን አሉ፤ የዕጣናቸው ሽታ ይመጣል፣ የቅዳሴያቸው ድምፅ ይሰማል፣ ሲጠጓቸው ግን የሉም። ይህን በደቡብ ጎንደር ያልሰማ ልጅ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ ክረምት ላይ ደመናው ወርዶ መንደሩን ሲሸፍን ከጎን ያለውን ጎረቤት እንኳ ለማየት ያስቸግራል። በእንዲህ ያለ አገር የተሰወረ ነገር መኖሩን ማመን ብዙ ጥረት አይጠይቅም።

ማመን ብቻ ግን አንባቢ አያደርግም። ያንን ያደረገው የቅኔ ቤት ነው። ደቡብ ጎንደር የትምህርት አገር ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሲሆን ትውፊቱ ከቅዱስ ያሬድ ጋር ያያይዘዋል። ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም መዲና ናት፤ ይህን አቋቋም ያስፋፉት የፎገራው ሰው የአለቃ ገብረ ሐና ልጅ አለቃ ተክሌ ናቸው። ወደነዚህ ጉባኤያት የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ቀን ሲለምን፣ ማታ ሲቀጽል ኖሮ፣ ምሽቱን የሚያሳልፈው በወሬ ነው፦ ስለ አብሾ ጠጥቶ መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ሌሊት ስለገባው ተማሪ፣ በጠልሰም ጋኔን ስለሚያስር ደብተራ፣ ስለተሰወረ መምህር። ቅኔው ደግሞ አእምሮውን ለሌላ ደስታ ያሠለጥነዋል። መምህሩ ቅኔውን ዘርፈው ያልፋሉ፤ ተማሪው ሰሙን ይዞ ወርቁን ሲፈልግ ያድራል። አንዳንዱ ወርቅ በዓመቱ ይገኛል። ሳይገባው የወደደውን ነገር ይዞ መቆየት የለመደ ሰው እንግዳ ልብ ወለድ ቢሰጡት አይደናገጥም፤ ይጣፍጠዋል እንጂ።

ከዚሁ ከቤተልሔም ነው ከኢትዮጵያ መጻሕፍት ሁሉ ምሥጢረኛው የወጣው፤ ቢያንስ ወደ ዓለም የወጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ቤተልሔም ተቀምጦ ከሊቃውንቱ ግዕዝ ይማር ነበር። ለፈረንሳዩ ሊቅ ለአንትዋን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት እያስገለበጠና እየገዛ ይልክለት ነበር። ከላካቸው መካከል ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ይገኝበታል። ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፉ ራሱ እንደሚነግረን እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አጠገብ ከድኻ ገበሬ ተወለደ። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተከሶ፣ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ተከዜ አጠገብ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ብቻውን ኖረ። እዚያም ሆኖ እግዚአብሔር አለን? ሰው ለምን ይዋሻል? እያለ ልቡን መረመረ። ከዋሻው ሲወጣ እንፍራዝ ገባ፤ ሀብቱ የሚባል ባለጠጋ ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ ኂሩት የምትባለውን የቤት አገልጋይ አገባ፤ የሀብቱን ልጅ ወልደ ሕይወትን አስተማረ። በተማሪው ልመና መጽሐፉን ጻፈ፤ 93 ዓመት ኖሮ ሞተ።

እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ሊቅ ተነሥቶ፣ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ሰው ጭራሽ አልነበረም፣ መጽሐፉን የጻፈው ላኪው ጁስቶ ራሱ ነው አለ። የጁስቶ የትውልድ ስም ጃኮፖ መሆኑ፣ ያም ያዕቆብ ማለት መሆኑ ጥርጣሬውን አባሰው። ቀጥሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር የጁስቶን ጽሑፎች ከሐተታው ጋር አስተያይተው የኮንቲ ሮሲኒን ክስ ውድቅ አደረጉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በፊት ይጠራጠሩ ነበር፤ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። ፈረንሳዊቷ አናኢስ ቪዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ክሱን እንደገና አነሣች። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አውጥተው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው የሚለውን ወገን አጠናከሩ። ክርክሩ አላለቀም።

እኔ መጽሐፉን የኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የከሳሾቹ ወገን ቢረታ እንኳ የቤተልሔም ድርሻ አይጠፋም፤ ያን ግዕዝ፣ ያን የመዝሙረ ዳዊት ዜማ፣ ያን ለነገር ሥር የሚቆፍር ጠያቂነት ጁስቶ ሊያገኝ የሚችለው ከጋይንት ሊቃውንት ብቻ ነበርና። እንደ አንባቢ ግን ከዚህ በላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሆርሄ ሉዊስ ቦርኼስ የሚባለው አርጀንቲናዊ ደራሲ ያልነበሩ ደራስያንን መጻሕፍት እየፈጠረ ዓለምን አስደምሟል። እኛ ዘንድ ደግሞ ደራሲው ራሱ ገጸ ባሕርይ ይሁን ሥጋ ለባሽ ሰው ያልተወሰነ መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንትን ሲያከራክር ይኖራል። ዋሻ፣ ስደት፣ የተደበቀ ስም፣ የጠፋ ዋና ቅጂ፣ የሞተ ምስክር፤ ምሥጢራዊ ልብ ወለድ የሚጠይቀው ሁሉ አለው። ጁስቶ ከኢትዮጵያ ተባሮ እ.ኤ.አ. በ1856 ካርቱም ላይ ሲሞት ቁልፉን ይዞት ሄደ።

ጁስቶ ሲወጣ ደጋው ሌላ እንግዳ ነገር ሊያይ ተቃርቦ ነበር። ደብረ ታቦር በየጁው ራስ ጉግሣ የተቆረቆረች፣ በኋላም የአጼ ቴዎድሮስ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ንጉሡ ቴዎፊሎስ ቫልድማየርን የመሳሰሉ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሰዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ናቸው፤ መድፍ ሠርተው አያውቁም። ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተወለደ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ያን ግዙፍ ብረት በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ ገደሉን መንገድ እያወጡ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1868 መቅደላ አደረሱት። ይህን አንድ ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው ኖሮ አርታኢው የማይታመን ነው ብሎ ይመልስለት ነበር።

ጋፋት ስለ ምናብ ሌላ ነገርም ያስተምራል፤ ደስ የማይል ነገር ነው። በዚህ አገር ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ይባል ነበር፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር። ቤተ እስራኤል በዚህ ወሬ ብዙ ተሠቃይተዋል። የሚደንቀው ተረት የጎረቤትን ሕይወት ሲያቃጥል የኖረበት ዘመን ረጅም ነው፤ ፈጽሞ አልቋል ለማለትም አልደፍርም። ልብ ወለድ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ጅብ የሚሆነው ሰው በመጽሐፍ ውስጥ ሲኖር አንባቢው ፈርቶ፣ ተደስቶ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ይተኛል። ጅብ የሚሆነው ጎረቤቱ ነው ብሎ ሲያምን ግን ሰው ያሳድዳል። ምናብን ወደ መጽሐፍ ማስገባት ለኅብረተሰቡ ጤና ነው እላለሁ።

ከጋፋት ሰዎች ጋር ቅርበት የነበራቸው አለቃ ዘነብ የቴዎድሮስን ዜና መዋዕል በአማርኛ ጻፉ። ይህ ይታወቅላቸዋል። የሚረሳባቸው «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» ነው፤ በምሳሌና በጨዋታ ስለ ሰው ጠባይና ስለ ፍጥረት የሚያወጋ እንግዳ መጽሐፍ። ታሪክም ስብከትም ልብ ወለድም ሊባል አይችልም። የአማርኛ ስድ ንባብ ገና እግር ሲተክል እንዲህ ያለ ጨዋታ መጀመሩን ሳስብ ደስ ይለኛል። ቀጥሎ የጣና ማዶው የዘጌ ልጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳተመ፤ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን። ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ፣ መንታ ወንድሟ፣ የተማረከ አባት፣ ስሙን ሳይናገር ወርቅ የሚሰጥ ነጋዴ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ከዕለት ኑሮ ይልቅ ለተኣምር የቀረበ ነው። ይህን ልብ ይሏል።

ታዲያ መንገዱ የት ላይ ታጠፈ? ዘመኑ ሌላ ነገር ጠየቀ። ጭቆና ነበረ፤ ደራሲው ስለ ጭሰኛው፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሥልጣኔ መጻፍ ነበረበት። ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት»ን ቀድመው አሳትመው ነበር፤ ስማቸውን የተከለው ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክም መጽሐፉን ያላየው ገበሬ ሳይቀር አለቀሰበት። ከደቡብ ጎንደርም ደራስያኑ የወሰዱት ቴዎድሮስን ነው፤ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን እና «የታንጉት ምስጢር»ን ጻፉ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ሶሻሊስት እውነታዊነት የሚባለው መለኪያ መጣ። ጥሩ ልብ ወለድ ማለት ኑሮን እንዳለ የሚያሳይ ነው ተባለ፤ ተኣምርና ስውር ነገር ለልጆች ተረት ተተወ። ያ ዘመን ታላላቅ መጻሕፍት ሰጥቶናል፤ አልክድም። ግን ሐያስያኑ አንድ ዓይነት ደስታን ብቻ ሕጋዊ አደረጉ። አንባቢውም የሚወደውን ነገር ደብቆ መውደድ ለመደ።

ይህ በእኛ ብቻ አልደረሰም። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱትኦላ የዮሩባን ተረት ተንተርሶ፣ የሞተ ጠጅ ቀጂውን ፍለጋ ወደ ሙታን ከተማ ስለሚሄድ ሰው የጻፈው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ላይ ሲታተም፣ የውጭ ሰው አደነቀው፤ ብዙ የተማሩ ያገሩ ሰዎች ግን አፈሩበት። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፣ ኋላ ቀር ያስመስለናል አሉ። ዛሬ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ያለ እሱ አይነገርም።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በአማርኛ አንድ ነገር ፈነዳ። ይስማዕከ ወርቁ የሚባል ወጣት ደራሲ «ዴርቶጋዳ»ን አወጣ። የጣና ገዳማት፣ ባሕር ማዶ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች፣ የስለላ ድርጅቶች፣ የተቆለፈ ምሥጢር በአንድ መጽሐፍ ተገናኙ። ደጋግሞ ታተመ፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ መጽሐፍ ነክተው የማያውቁ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ጨረሱት። «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። ከሐያስያን ብዙ ወቀሳ መጥቶበታል፤ ከፊሉ እውነት ነው። ታሪኩ ሲሮጥ ገጸ ባሕርያቱ ለመተንፈስ ጊዜ አያገኙም፤ አጋጣሚው ይበዛል፤ አንዳንድ ቦታ ደራሲው ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ያስተምራል። ቅኔ ቤት እንዳደረገው ወርቁን ትንሽ ቢደብቅልን ኖሮ የበለጠ እንወደው ነበር።

ግን ያን ያህል ሕዝብ ለምን ወደደው? መልሱ ጓንጉት ላይ ያለ ይመስለኛል። በገዳም ውስጥ ለዓይን ያልተገለጠ ታላቅ ጥበብ አለ የሚለው ሐሳብ የስውራን ታሪክ ነው። ሊቅ ሆኖ ተሰውሮ የሚኖር ሰው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። አንባቢው ከአያቱ የሰማውን ዓለም በዘመናይ ልብስ አገኘው፤ ሳይንቲስቱና መነኩሴው በአንድ ጀልባ ጣናን ሲያቋርጡ አየ። ድህነቱንና ስደቱን ብቻ ሲነግሩት ለኖሩት ወጣት፣ አገርህ ያልተከፈተ ሣጥን አላት ያለው መጽሐፍ ትልቅ ነገር ሰጥቶታል።

ሌላው መንገድ የአዳም ረታ ነው። እሱ ዘንድ ምሥጢሩ ሴራው ላይ ሳይሆን አተራረኩ ላይ ነው። ሕጽናዊነት ባለው ስልት ታሪኮች ከመጽሐፍ መጽሐፍ እየተሳሰሩ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ በሌላው መጽሐፍ ጓሮ ብቅ እያለ ይሄዳሉ። «ግራጫ ቃጭሎች»ን ወይም «የስንብት ቀለማት»ን የሚያነብ ሰው የቆሎ ተማሪውን ትዕግሥት ይጠይቀዋል። ይስማዕከን የሚወዱና አዳምን የሚወዱ አንባብያን ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ይናናቃሉ፤ ሳያውቁት ግን ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ።

ጋፋት እስከ ዛሬ የሚገባውን ምናባዊ ልብ ወለድ አላገኘም። ጉናም አላገኘም፤ የቤተልሔሙ ጁስቶም አላገኘም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ቋንቋ የሚያጠኑ ወጣቶች አሏት፤ በዙሪያዋ ደግሞ ድጓና ቅኔ የሚያውቁ መምህራን አሁንም ጉባኤ ዘርግተዋል። ሁለቱ ይገናኙ። መምህራኑ የሚያውቋቸው የስውራንና የአብሾ ታሪኮች ከእነሱ ጋር ሳያልፉ በድምፅም በጽሑፍም ይያዙ፤ ጽፈው የሚሞክሩ ልጆች እጅ ይግቡ። ወላጆችና አስተማሪዎችም ልጁ እንግዳ መጽሐፍ ሲያነብ ቢያገኙት አይንጠቁት።

«ዴርቶጋዳ»ን ወዶ የጨረሰ ሰው ደግሞ እዚያ አይቁም። ገድለ ክርስቶስ ሠምራ በግዕዝና በአማርኛ ታትሞ ይገኛል፤ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብም ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። ያንብባቸው።